«ባሕሩን እኔ አውቀዋለሁ»

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአዲስ አበባ ወላጅ ጭንቀት አንድ ነው፤ ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ምን ይሥራ? አንዱ የክረምት ትምህርት ያስመዘግባል፣ አንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት ይልካል፣ አቅም ያለው ዋና ያስተምራል፣ ሌላው አያቱ ዘንድ ገጠር ይሰዳል። የቀረው ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ይጋደማል። እኔ በምኖርበት በኖርዌይም ጭንቀቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሐምሌ የፀሐይ ወቅት መሆኑ ነው። ታዲያ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ለወላጅ ከሚቀርቡት ምርጫዎች አንዱ እኛ ሐበሾች ስንሰማው የሚያስደነግጥ ነው፦ ልጅን በሸራ በሚሄድ ትልቅ መርከብ አሳፍሮ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ወደ ክፍት ባሕር መላክ።

ልጆቹ መርከቧ ላይ የሚወጡት ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። የመርከበኛውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ገመድ ይስባሉ፣ ሸራ ይዘረጋሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ መሪ ይይዛሉ፣ ወለል ይወለውላሉ፣ ድንች ይልጣሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ለጥበቃ ይነሣሉ። ይህንን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ ከፍለው ነው። እህቴ መጀመሪያ ስትሰማ «ገንዘብ ከፍሎ ጉልበት ሥራ?» ብላ ነው የሳቀችው።

ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች። ጥር ላይ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ከስኮትላንድ ከተማ ከአበርዲን ተነሥቶ፣ የሰሜን ባሕርን አቋርጦ፣ እኛ ወደምንኖርባት ወደ ክርስቲያንሳንድ የሚመጣ ጉዞ፤ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ፤ ከሐምሌ 15 እስከ 23። እናቷ ወረቀቱን አንብባ ሳትጨርስ አጠፈችው።

«እናንተ ባሕርን የምታውቁት በፎቶ ነው» አለች። «ባሕሩን እኔ አውቀዋለሁ።»

እህቴ ከ17 ዓመት በፊት ከሊቢያ ተነሥታ በአንዲት አሮጌ ጀልባ ወደ ላምፔዱዛ የተሻገረች ሰው ናት። ስለዚያ ጉዞ ብዙ አታወራም። እኔ የማውቀው ውኃ ካለቀባቸው በኋላ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን መቆየታቸውን፣ ከማታውቃት አንዲት ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ማደራቸውን ነው። ደሴ ያለችው እናታችን ስልክ እስኪደወልላት ድረስ 19 ቀን ጠብቃለች። በአውሮፓ እንዲህ ያለ ታሪክ የማይገኝበት ሐበሻ ቤት ብዙ አይደለም። ስለዚህ ለኖርዌያዊ ጎረቤቴ የበጋ ጨዋታ የሆነው ነገር እኛ ቤት ሲገባ ክብደቱ ይለወጣል።

ጉዞው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ወጣቶችን በባለ ሸራ መርከብ ማሠልጠን ድሮም የነበረ ነው፤ ዴንማርኮችና ጀርመኖች የንግድ መርከበኞቻቸውን የሚያሠለጥኑት እንደዚያ ነበር። አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው ግን በ1956 ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ውሰዱልኝ)። ሞተር ከመጣ በኋላ ባለ ሸራ ግዙፍ መርከቦች አንድ በአንድ እየተቆራረጡ ለብረት ይሸጡ ነበር። በርናርድ ሞርጋን የሚባል ጡረታ የወጣ የለንደን ጠበቃ፣ የተረፉት ሳይጠፉ ይሰብሰቡና ይሽቀዳደሙ የሚል ሐሳብ አመጣ። 20 መርከቦች ከእንግሊዝ ከቶርቤይ እስከ ሊዝበን ተወዳደሩ። እንደ መሰነባበቻ የታሰበው ሰው ስለወደደው ቀጠለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በየበጋው መርከቦቹ ከወደብ ወደብ ይዞራሉ። በ2025 ከፈረንሳይ ከለ አቭር ጀምረው በደንከርክ፣ በአበርዲንና በክርስቲያንሳንድ አድርገው ዴንማርክ ኤስቢየር ላይ ጨርሰዋል። ዋናው ደንብ አንድ ነው፤ በእያንዳንዱ መርከብ ላይ ካለው ሰው ቢያንስ ግማሹ ዕድሜው ከ15 እስከ 25 መሆን አለበት።

ለአሸናፊ ዋንጫ አለ፤ የሚከበረው ግን የፍጥነቱ ሳይሆን የወዳጅነቱ ዋንጫ ነው። ድምፅ የሚሰጡት መርከበኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ በመርከቦች መካከል መቀራረብን ያመጣ ማነው ብለው ይመርጣሉ። በ1974፣ እኛ ዘንድ አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተፋጥጠው ሳለ ዋንጫውን የወሰደችው ክሩዘንሽተርን የተባለችው የሶቪየት መርከብ ነበረች። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በዩክሬኑ ጦርነት ምክንያት የሩሲያ መርከቦች አይጋበዙም። ወዳጅነቱም እንግዲህ ከፖለቲካ በላይ አይደለም። ለእኛ ከሚቀርቡት መካከል የኦማኗ «ሻባብ ኦማን» ትጠቀሳለች፤ የኦማን ወጣቶች ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ሻባብ ኦማን በ1971 ስኮትላንድ ውስጥ ለወጣቶች ማሠልጠኛ ተብላ የተሠራች የእንጨት መርከብ ስትሆን ኦማን ገዝታ ስሟን ለወጠችው። ይህንን የወዳጅነት ዋንጫ ከአንድ ጊዜ በላይ ወስዳለች።

ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወውና ልጅቱ ወደሠራችው ሥራ ልለፍ።

መርከብ ላይ ቀኑ በሦስት ፈረቃ ይከፈላል። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፤ እንደገና አራት ሰዓት ሥራ። የእህቴ ልጅ የደረሳት በእኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው፤ ቀንም ሌሊትም። ይኸውም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ማለት ነው። በፈረቃው ውስጥ ልጆቹ ይቀያየራሉ። አንዱ መሪውን ይይዛል። አንዱ ከፊት ጫፍ ቆሞ ጀልባና መብራት ይጠብቃል። አንዱ ከኋላ ይቆማል፤ ሥራው ሰው ወደ ባሕር ቢወድቅ መንሳፈፊያውን ወርውሮ፣ ጮኾ፣ ዓይኑን ከወደቀው ሰው ላይ ሳይነቅል መጠቆም ነው። አንዱ ደግሞ ባትሪ ይዞ ከታች ይዞራል፤ ወጥ ቤቱን፣ የሞተር ክፍሉን፣ የተኙትን እያየ የእሳት ጭስ እንዳይኖር ያረጋግጣል።

የተኙት የሚተኙት ተንጠልጣይ የሸራ አልጋ ላይ ነው። መርከቧ ስትወዛወዝ ሁሉም እኩል ይወዛወዛሉ። «እንደ አንቀልባ ነው» አለችኝ፤ ቃሉን ከእናቷ ነው የሰማችው፣ ታዝላበት ማደጓን ግን አታስታውስም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በማስመለስ አለፉ። ይህንን የሚደብቅ ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑት። ሰሜን ባሕር ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሆድ አያሳርፍም። መፍትሔው ከታች አለመተኛት፣ ንፋስ መቀበል፣ አድማሱን ማየት፣ ደረቅ ነገር በጥቂቱ መቅመስ ነው። እናቷ በቦርሳዋ በሶና ዳቦ ቆሎ ጨምራላት ነበር። በሶውን ማንም አልነካውም። ዳቦ ቆሎው ግን ዝናው ከፈረቃ ፈረቃ ደርሶ፣ ላትቪያዊቷ የአልጋ ጎረቤቷም ሆነች የመርከቧ አናጺ እየመጡ ሲዘግኑ በአራተኛው ቀን አለቀ።

ሌሊት መሪ ስለመያዝ ደጋግማ ነግራኛለች። በዚህ አካባቢ በሐምሌ ሌሊቱ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፤ በስተሰሜን በኩል ሰማዩ ደብዛዛ ሆኖ ያድራል። በሩቅ የነዳጅ ማውጫዎቹ መብራት ባሕር ላይ የተሠራ ከተማ ይመስላል። ከመርከቧ መኮንኖች አንዷ የኮምፓሱን ቁጥር ትነግራታለች፤ እሷ ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ ከዚያ ቁጥሩን መጠበቅ ነው። መርከቧ እንደ መኪና ወዲያው አትታዘዝም። መሪውን ታዞሪያለሽ፣ ምንም የለም፤ ትንሽ ቆይቶ አፍንጫዋ መዞር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ መልሰሽ ካልያዝሻት አልፋ ትሄዳለች። «ታች ያለው ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ የያዝኳት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ማንም ጎበዝ አላለኝም። ሰዓቴ ሲደርስ ለተረኛው ቁጥሩን ነግሬው ወረድኩ።»

ምሰሶ ላይ መውጣት በፈቃድ ነው፤ የማይፈልግ አይገደድም። የሚወጣ ቀበቶ ታጥቆ፣ ቀበቶውን ከገመድ ጋር አቆላልፎ ነው የሚወጣው። መርከበኞች አንድ እጅ ለራስህ፣ አንድ እጅ ለመርከቧ ይላሉ። ልጅቱ በሦስተኛው ቀን እስከ መጀመሪያው መቆሚያ ወጣች፤ ከዚያ በላይ አልሄደችም። እኔም ደስ አለኝ።

እንግዲህ ወደ እናት ጥያቄ እንምጣ። አደጋ የለውም ወይ? አለው። በ1957 ፓሚር የተባለች የጀርመን ማሠልጠኛ መርከብ አትላንቲክ ላይ በአውሎ ነፋስ ሰጠመች፤ ከ86ቱ ሰዎች የተረፉት 6 ናቸው፤ ብዙዎቹ ወጣት ሠልጣኞች ነበሩ። በ1984 ማርክስ የተባለች መርከብ በዚሁ ውድድር ላይ ሳለች ቤርሙዳ አጠገብ ድንገተኛ ነፋስ ገልብጧት ከ28ቱ 19ኙ ሞቱ። በ2010 ኮንኮርዲያ የተባለች የተማሪዎች መርከብ ከብራዚል ዳርቻ ርቃ ሰጠመች። በዚህችኛው ግን 64ቱም ተረፉ። ተማሪዎቹ መርከብ ለቅቆ መውጣትን ደጋግመው ተለማምደው ስለነበር ወደ ሕይወት አድን ጀልባዎቹ ገብተው፣ ሁለት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ተንሳፍፈው፣ በንግድ መርከቦች ተነሥተዋል።

ለእህቴ ሦስቱንም ነገርኳት። ደብቆ ማስፈቀድ ለልጅም ለእናትም አይሆንም። ዝም ብላ ሰማችኝና የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ለሁሉም ይበቃል ወይ? መንሳፈፊያው።»

እሷ በተሻገረችበት ጀልባ ላይ መንሳፈፊያ የሚባል ነገር አልነበረም። ዋናም አትችልም።

በበኩሌ በእነዚህ ጉዞዎች ዋናው ትምህርት ያለው ከዚህ ላይ ይመስለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኩርት ሃን የተባለው ጀርመናዊ መምህር ዌልስ ውስጥ አበርዶቪ ላይ በ1941 የወጣቶች ማሠልጠኛ ሲያቋቁም፣ መነሻው አንድ የመርከብ ኩባንያ ባለቤት ያሳሰበው ነገር እንደነበር ይነገራል፦ መርከብ ተመትቶ ሰዎች ወደ ጀልባ ሲወርዱ፣ ጉልበት ያላቸው ወጣቶቹ ቶሎ ተስፋ ሲቆርጡ በሸራ ዘመን ያደጉት ሽማግሌዎች ይተርፉ ነበር። ዛሬም ልጆቹ መርከብ ላይ እንደወጡ መጀመሪያ የሚማሩት ሸራ መዘርጋትን አይደለም፤ የሕይወት አድን ጃኬትህ የት ነው፣ ደወል ሲደወል የት ትቆማለህ፣ ከጎንህ ማን ሊኖር ይገባል የሚለውን ነው። ባሕሩ እህቴ የምታውቀው ያው ባሕር ነው። በእሷ ጀልባ ላይ ግን እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀም፣ የመለሰም ሰው አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ ፈረመች። ምን እንዳሳመናት ስጠይቃት «ብከለክላት ሌላ ባሕር ትፈልጋለች» አለችኝ። እኔ በዚህ አልሞግታትም።

ጉዞው ሲጀመር መርከቦቹ ያሉበት በኢንተርኔት ካርታ ላይ ይታያል፤ እያንዳንዷ መርከብ ትንሽ ባለ ቀለም ነጥብ ናት። ባሕሩ መሀል የስልክ ሞገድ ስለሌለ ወላጅ ያለው እሱ ብቻ ነው። እህቴ ስልኳን የቡና ረከቦቱ ላይ አስደግፋ ነጥቡን ትጠብቅ ጀመር። ሥራ ስትሄድ እኔ እንድጠብቅ ታዘዝኩ። ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት፣ ነፋሱ በርትቶ ነበርና ጧፍ አብርታ ከነጥቡ ፊት ተቀመጠች። «እማማ ያኔ ይሄ ቢኖራት» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ማታ ደሴ ደውላ ለእናታችን ልጅቱ በዚህ ሰዓት የት እንዳለች በቁጥር ነገረቻት፤ እናታችን ቁጥሩ ባይገባትም ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

ሐምሌ 23 ልጅቱ መጣች። ፀሐይና ጨው አፍንጫዋን ልጦታል፤ እናቷ የሠራችላት ሹሩባ ግን እንዳለ ነው።

ተለወጠች ወይ የሚለኝ ብዙ ነው። የጉዞው አዘጋጆች በራሪ ወረቀት ላይ ባሕር የልጅን ሕይወት እንደሚለውጥ ይጻፋል። እኔ ዘጠኝ ቀን የ16 ዓመት ሰው ይለውጣል ብዬ አላምንም። የበላችበትን ሳህን ዛሬም አታነሣም፤ ክፍሏም ያው ነው። አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። መርከብ ላይ ተረኛውን መቀስቀስ ሥርዓት አለው። በስሙ ትጠራዋለህ፣ ሰዓቱን ትነግረዋለህ፣ ውጭ ዝናብ ይሁን ብርድ ትነግረዋለህ፣ ምን እንደሚለብስ ትነግረዋለህ፤ ቆሞ ካላየኸው አትሄድም። እሱ ካልተነሣ አንተ ከፈረቃህ አትወርድም። አሁን ትምህርት ተከፍቶ ታናሽ ወንድሟን ጠዋት የምትቀሰቅሰው እንደዚሁ ነው። ድሮ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ነበር የምትሄደው።

ወጪውን ለሚጠይቁ፣ ርካሽ አይደለም። እነዚህ መርከቦች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፤ የከተማችን የራሷ መርከብ ሶርላንደት የተሠራችው በ1927፣ የበርገኗ ስታትስራድ ሌምኩል በ1914 ነው። ጥገናው ገንዘብ ይበላል። ብሪታንያ ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ሰዎች ጭምር መርከበኛ ሆነው እንዲሠሩባቸው የተሠሩት ሎርድ ኔልሰንና ቴናሸስ የተባሉት ሁለት መርከቦች ባለቤት የሆነው በጎ አድራጎት ድርጅት በ2023 በገንዘብ እጦት ተዘግቷል፤ በጣም ያሳዝናል። ያም ሆኖ ውድድሩን የሚያስተናግዱ ከተሞች ለራሳቸው ወጣቶች ድጎማ ይይዛሉ፤ ትምህርት ቤቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራትም እንዲሁ። ችግሩ ሐበሻ ወላጅ አለመጠየቁ ነው። ማመልከቻው የሚወጣው በረዶው ሳይቀልጥ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ በጋ ሲመጣ የሚጠይቅ ሰው ቦታ አያገኝም። ወረቀትም አስቡበት። ጉዞው ከብሪታንያ ከጀመረ፣ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘ ልጅ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የኖርዌይ ፓስፖርት ያለውም ቢሆን ከ2025 ሚያዝያ ወዲህ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ግድ ነው።

አገር ቤት ላሉት ደግሞ ባሕር የለንም የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃኝም። ቼኮችም ባሕር የላቸውም፤ ላ ግራስ የተባለችውን ባለ ሁለት ምሰሶ መርከባቸውን ግብፅ ስዌዝ ላይ ነው ያሠሩት። እኛማ ነበረን። ባሕር ኃይላችን በ1955 ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹን መኮንኖቻችንን ካሠለጠኑት መካከል ከዚሁ ከኖርዌይ የሄዱ መኮንኖች ነበሩ፤ ምጽዋ ላይ «ኢትዮጵያ» የምትባለውን መርከብ ያዩ አባቶች ዛሬም አሉ። አሁንም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የማሪታይም አካዳሚና ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ ልጆቻችን ለዓለም አቀፍ መርከቦች ይሠለጥናሉ። ያ ግን ለእንጀራ ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ሌላው እንዲተኛ ነቅቶ የሚያድር የ16 ዓመት ልጅ ጣና ላይም ሊኖር ይችላል።

መርከቦቹ ወደብ በቆሙባቸው ቀናት ሕዝቡ እየገባ ይጎበኛቸዋል። እህቴ አልገባም ብላ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ገባች። ምሰሶውን ቀና ብላ አላየችም። በቀጥታ የሄደችው በጎን በኩል ወደተደረደሩት ነጫጭ በርሜል መሳይ ነገሮች ነው፤ ውስጣቸው ባሕር ላይ ሲወድቁ የሚነፉ የሕይወት አድን ጀልባዎች አሉ። እያንዳንዱ ላይ ስንት ሰው እንደሚይዝ ተጽፏል። በጣቷ እየነካች ቆጠረች፣ ደመረች፣ ከዚያ መርከቧ ስንት ሰው እንደምትጭን አንዱን መርከበኛ ጠየቀችው። ነገራት። ከአንዱ ጎን ያሉት ቢጠፉ እንኳ የሌላው ጎን ይበቃ እንደሆነ ጠየቀች። መርከበኛው ወጣት ነው፤ በትዕግሥት አስረዳት፤ እሷም ያለውን በስልኳ ጻፈች።

ወንድምየው 13 ዓመቱ ነው። 15 እስኪሞላው ሁለት ክረምት ይቀረዋል። ያን ዕለት ማታ ጥያቄውን አቀረበ፤ እስካሁን መልስ አልተሰጠውም።